የጨረር ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ አገባብ፤ ከወናጎ ሲታይ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ነቀርሳ፣ በዛሬው አነጋገር ካንሰር፣ የሚባለውን በሽታ በጨረር ማከም በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እየተሻሻለ እንደ መጣ ማስረዳት ነው። ነገሩን አዲስ አበባ ላይ ሆነን ከመመልከት ይልቅ በጌዴኦ ከምትገኘው ከወናጎ ተነሥተን ማየትን መርጠናል። የሕክምና መሣሪያ ታሪክ መሣሪያው በተተከለበት ቀን ብቻ አያበቃምና፤ በሽተኛው ወደዚያ ለመድረስ የተጓዘው መንገድም የታሪኩ ክፍል ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ነቀርሳ የሚለው ቃል በአማርኛ ለሁለት በሽታዎች ሲያገለግል ኖሯል። ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው። ካንሰር ግን የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ እንጂ አብሮ በመብላትና በመተኛት የሚጋባ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሊሸሹት የማይገባውን በሽተኛ ለመሸሽ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አንባቢ አይስተውም።

ወደ ጨረሩ እንመለስ። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይ የተባለውን ጨረር ያገኘው በ1895 ነው። በ1898 ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ። ሐኪሞችም ሳይውል ሳያድር እነዚህን ጨረሮች በዕጢ ላይ መሞከር ጀመሩ። ጨረሩ የሚሠራው የሕዋሱን መራቢያ ክፍል በመጉዳት ነው። ጤነኛው ሕዋስ ጉዳቱን መጠገን ከታመመው ይልቅ ይቀናዋል፤ ስለዚህም መጠኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ለብዙ ቀኖች ተከፋፍሎ ይሰጣል። በ1951 ካናዳ ውስጥ ኮባልት 60 በተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራ መሣሪያ ለበሽተኞች አገልግሎት ዋለ። በ1953 ደግሞ ለንደን በሚገኘው በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን በሽተኛ አከመ።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 ነው። ሆኖም የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1990ዎቹ መገባደጃ በዚሁ ኤጀንሲ ድጋፍ ነው። መሣሪያው የኮባልት ነበር። ከዚያም ለሃያ ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ ይህ ሕክምና የሚገኝበት ብቸኛ ስፍራ ይኸው ሆስፒታል ሆኖ ቆየ።

ኮባልት ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ብዙ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። ጉድለቱ ግን ኃይሉ በራሱ ጊዜ እየደከመ መሄዱ ነው። በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ግማሹ ያልቃል። ምንጩ አዲስ ሳለ 3 ደቂቃ ይበቃው የነበረ በሽተኛ ከዚያ በኋላ 6 ደቂቃ፣ ሌላ 5 ዓመት ከ3 ወር ሲጨመር 12 ደቂቃ መተኛት ግድ ይሆንበታል። አዲሱ ምንጭ በልዩ ጥንቃቄ ታሽጎ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ በቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ወረፋው ይረዝማል። የጥቁር አንበሳ ወረፋ ወራትን ይፈጅ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዕጢ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ሲመጣ ይድን የነበረው በሽተኛ ተራው ሲደርስ ከማስታገሻ በቀር ተስፋ የሌለው ሊሆን ይችላል።

በ2020ዎቹ መጀመሪያ ሊኒየር አክስለሬተር በጥቁር አንበሳ፣ በጅማና በሐረር ሥራ ጀመረ። ይህ መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ አፍጥኖ ከብረት ጋር በማጋጨት ብርቱ ኤክስሬይ ያወጣል፤ ሲጠፋም ጨረሩ አብሮ ይጠፋል። ዋናው ብልጫው ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ልክ ለመወሰን የሚያስችል መሆኑ ነው። አስቀድሞ በሲቲ ስካን የዕጢው ሥዕል ይነሣል፤ ከዚያም ሐኪሙና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ጨረሩ ከየት አቅጣጫ፣ በምን መጠን እንደሚገባ በኮምፒዩተር ያሰላሉ። በዚህም ፊኛን፣ አንጀትንና ልብን ከጉዳት ለመጠበቅ ይሞከራል። ነገር ግን የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ የማቀዝቀዣ ሥርዓት፣ መለዋወጫ ዕቃና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ውድ የሆነው መሣሪያ ቆሞ ይውላል።

አሁን ወደ ወናጎ እንመለስ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን ጫፍ ናቸው። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ከተስፋፋ በኋላ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው፤ ከውጭ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ 25 ጊዜ ያህል፣ ማለትም 5 ሳምንት ነው። አንዲት የወናጎ እናት በዲላ ሆስፒታል ተመርምራ ወደ አዲስ አበባ ብትላክ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሕክምናው በየቀኑ ስለሆነ ተመላልሳ ልትታከም አትችልም፤ ማደሪያና ቀለብ ያስፈልጋታል፤ አስታማሚም አብሯት ይሄዳል። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ደግሞ ቡናው የሚለቀምበት ወራት ነው፤ የዓመቱ ገቢ በሚሰበሰብበት ሰዓት ከቤቱ ሁለት ሰው ይጎድላል። ሕክምናውን ጀምሮ ማቋረጥ ለዕጢው ዕድል መስጠት መሆኑን ሐኪሞች ያስተምራሉ፤ ለማቋረጥ የሚያስገድደው ግን ብዙ ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን የኪስ ባዶነት ነው።

መንግሥት ማዕከል እንዲሠራባቸው ከመረጣቸው ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ናት። ከወናጎ ወደዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ከሩብ ብዙም አይበልጥም፤ ቢያንስ ቅዳሜና እሑድን ከልጆች ጋር ለማሳለፍ ያስችላል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው፤ የጨረር ሕክምና ኢትዮጵያ የገባው በ1990ዎቹ ነው ማለት እውነት ነው፤ ወናጎ ገብቷል ለማለት ግን ገና ብዙ ይቀራል። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ የማደሪያው፣ የመጓጓዣውና የጠጋኙ ባለሙያ ሒሳብም አብሮ እንዲታሰብ የሕክምናም ሆነ የታሪክ ተማሪዎች ሊያስገነዝቡ ይገባል እንላለን። በጽሑፋችን ስሕተት ቢገኝ መምህራንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።