ከተራራው በፊት ከመሪው ጋር

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን የሥራ ባልደረቦችና ጓደኛሞች ተሰባስበው የእረፍት ቀናቸውን ተራራ በመውጣት ማሳለፍ እየለመዱ መጥተዋል። እንጦጦ፣ የረር፣ ዝቋላና ወንጪ የብዙዎች መጀመሪያ ናቸው። ልምዱ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን «ምን ተዘጋጅታችኋል?» ብዬ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚነግሩኝ ስለ ጫማ፣ ስለ ቦርሳና ስለ ካሜራ ነው። የሚመራቸው ሰው ግን «እዚያው ስንደርስ የሚገኝ» ተደርጎ ይታሰባል። በእኔ እምነት የአንድ ቀን ተራራ ዋናው ዝግጅት ሜዳ ላይ፣ ከመሪው ጋር ተቀምጦ የሚደረግ ስምምነት ነው። ይህንን በአዊ ምድር ምሳሌነት ላስረዳ።

የት ነው የሚወጣው?

የአዊ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብና ቀርከሃ የማያጣት ደጋ ናት። ከባሕር ዳር በኩል የሚመጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያገኛት ዳንግላ ግን ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከአዲስ አበባ እንጅባራ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ «የአንድ ቀን ጉዞ» የሚባለው ሲቆጠር ሦስት ቀን ነው፤ አንድ ቀን መድረሻ፣ አንድ ቀን መውጫ፣ አንድ ቀን መመለሻ። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ዳገት መጀመር አይመከርም። በደረሱበት ቀን ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ዳርቻ በእግር መጎብኘት ጥሩ ማሟሟቂያ ነው። ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ የማን አዲስ ጫማ እንደሚልጥ በዚያው ይታወቃል።

ለማግስቱ እኔ የምመርጠው ከቲሊሊ ተገንጥሎ ወደ ሰከላ የሚወስደውን መንገድ ነው። ቦታው ከዞኑ ወሰን ማዶ ቢሆንም ከእንጅባራ ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል። የዓባይ መነሻ የሆነው የግሽ ዓባይ ምንጭ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል፤ ከበላዩ የግሽ ተራራ አለ።

ወደዚህ ሥፍራ በመሪ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ፖርቹጋሎችን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ምንጩን አይተዋል። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው መሪው ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቦታውን በእጁ ሲያሳየው የአካባቢው አገዎች ሥፍራው የተከበረ ነውና ጫማህን አውልቅ አሉት። አወለቀ፤ በደስታ ቁልቁለቱን ሲሮጥም ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ቦታው የራሱ ሕግ አለው። ሁለተኛ፣ ሰው የሚወድቀው የፈለገውን ካየ በኋላ፣ መሪውን ትቶ ሲሮጥ ነው።

የቦታው ሕግ ዛሬም አለ። ግሽ ዓባይ ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ ሳይቀምሱ የሚቀርቡት ነው። እንግዲህ ምንጩንም ተራራውንም በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው በባዶ ሆድ ዳገት እንዳይወጣ ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ማልዶ ምንጩ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ከዚያ ተራራው ቢሆን ይመረጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም በሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ለመሪው ሳያፍር ይንገር።

ሰዓቱን መቁጠር

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ደንብ እስካሁን ያገለግላል። በሜዳ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ከፍታ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 600 ሜትር ቢሆን ሦስት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ይህ ግን ለለመደና ለማያርፍ እግር ነው። ቢሮ ውሎ ለሚገባ ሰው ግማሽ ያህል ይጨመርበት፤ አምስት ሰዓት ይሆናል። ምሳና እረፍት ሲታከል ስድስት ይሞላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የተነሳ በሰባት ሰዓት ይመለሳል፤ በአራት ሰዓት የተነሳ ግን አሥር ሰዓት ላይ ገና እየወረደ ነው። በአገራችን ፀሐይ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ምሽቱም ረጅም ማምሻ የለውም። ስለዚህ የተመረጠው ጫፍ ላይ ቢደረስም ባይደረስም ፊት የሚመለስበት ሰዓት ከወዲሁ ይቆረጥ። እኔ ስድስት ሰዓትን እመርጣለሁ።

ወቅቱም እንደዚሁ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘንበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ ከሰዓት በኋላም መብረቅ አለ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። በጥር የሚሄድ ሰው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን እንደሚያከብር ይወቅ። ሊታይ የሚገባው ትርኢት ነው፤ ማደሪያ ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ከፍታው ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከውጭ አገር ለመጣ ዘመድ ግን ይለያል። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ነው። ከባሰ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

ቦርሳው

ዝርዝሩ አጭር ነው። የተለመደ፣ መርገጫው ያላለቀ ጫማ፤ ለአንድ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውኃ፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ቴምር፤ የዝናብ ልብስ፤ ባርኔጣ፤ የእጅ ባትሪ፤ ፋሻና የቁስል መድኃኒት፤ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ሹራብ አይቅር። ጋቢ ለማታ ግሩም ነው፤ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። ዱላ እዚያው ከአገሩ ቀርከሃ ይገኛል፤ በተለይ ለቁልቁለቱ ለጉልበት ባለውለታ ነው።

ከምግቡ ለመሪውም ይያዝ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ይሁን።

መሪው

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገሬ ሰው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ጎብኚ ደባርቅ ላይ መሪውንና የታጠቀ ስካውቱን ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት ቦታ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በቀበሌው በኩል ሰው ማፈላለግ ይገባል። መንገድ ላይ የተገኘን እረኛ ልጅ ከከብቱና ከትምህርቱ አስቀርቶ በጥቂት ብር ማስከተል መሪ መቅጠር አይባልም።

ከመሪው ጋር የሚስማሙባቸው ነጥቦች አምስት ናቸው፤ የት ድረስ፣ በስንት ሰዓት መመለስ፣ ክፍያው ስንት፣ ስንት ሰው፣ «እንመለስ» የማለት ሥልጣን የማን ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። መሪው ደመና አይቶ «ይብቃን» ሲል፣ ከፋዮቹ «ትንሽ ቀረን፣ ጨምረን እንከፍልሃለን» ማለት ይቀናቸዋል። እንግዳ አክባሪነትና የገንዘብ ችግር ያለበት ሰው እምቢ ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ክፍያው ጫፍ ላይ በመድረስ ላይ የተመሠረተ አይሁን። ከግማሽ መንገድ ቢመለሱም ሙሉ እንደሚከፈለው ጠዋት በሁሉም ፊት ይነገረው። ያኔ እውነቱን ለመናገር አይፈራም።

አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም ደጋ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት ያጠቃቸዋል። በውድ ጫማ እየረገጥን በባዶ እግር ወይም በተቀደደ ኮንጎ ጫማ የሚመራንን ሰው መከተል ለእኔ ነውር ነው። የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ በአሥር ሰው ሲካፈል ለማንም አይከብድም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የተማርኩ በመሆኔ ይህንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ከመሪው ጋር በቃል የተባለውም ውል ነው፤ ቢሆንም አንድ ገጽ ወረቀት ክርክር ያስቀራል። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ኪሣራውን እንዲክስ ያዛል፤ አንቀጽ 2031 ደግሞ በሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይህ ቡድን አሰባስቦ ገንዘብ የሚቀበለውን አዘጋጅም ይመለከታል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 በበኩሉ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳ እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ጥሎ የሄደን ይቀጣል። በሙያ ወይም በውል የመርዳት ግዴታ ባለበት ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «የደከመው ይቆይ፣ እኛ ደርሰን እንመጣለን» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መሪው ከፊት፣ አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላ፣ ፍጥነቱም የደካማው ይሁን።

ሰው ቢሰበር እዚያ ሄሊኮፕተር አይመጣም። የሚመጡት ቃሬዛ የሚሸከሙ ገበሬዎች ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ቢሆንም የሚደርሰው መኪና እስከሚገባበት ነው። ስለዚህ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንዳለ፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ከማን እንደሚገኝ መሪውን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ጸጥታ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማስታወጅ የደረሰው ግጭት ትናንት የታለፈ መንገድ ዛሬ ላይታለፍ እንደሚችል አሳይቶናል። የሰላሙን ሁኔታ ከአዲስ አበባ ሆኖ መገመት አይቻልም። ከመነሳት በፊት እዚያው ላለ ሰው ስልክ መደወል፣ ጠዋትም መሪውን እንደገና መጠየቅ ግድ ነው። እሱ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ጉዳዩ አለቀ። እኛ በማግስቱ ወደ ቤታችን እንመለሳለን፤ እሱና ቤተሰቡ ግን እዚያው ይኖራሉ። ማንን ይዞ የት እንደሄደ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ተራራው ለሚቀጥለው ሳምንትም፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አለ። መሪ መቅጠር ኃላፊነትን በሰው ትከሻ ጭኖ ራስን ነፃ ማድረግ አይደለም፤ ኃላፊነቱን ከሚያውቅ ሰው ጋር መካፈል ነው።

ቸር ይግጠመን።