ጓሮ የገባው ትራክተር

ትራክተር ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሰፊ እርሻ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ቁመቱ ከሰው ወገብ እምብዛም ስለማያልፈው፣ ጓሮ ለማረስና ሣር ለማጨድ ስለተሠራው የአሜሪካኖች ትንሽ ትራክተር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የዌስት ቨርጂኒያው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግሬቭሊ ነበር። ሰውዬው ሙያው ፎቶ ማንሳት ነው። በእጅ በሚገፋ ማረሻ ላይ የኢንዲያን ሞተር ብስክሌት ዕቃ ገጣጥሞ በ1916 የፈጠራ ባለመብትነት አገኘ። መቀመጫ ግን አልነበረውም፤ ባለቤቱ እንደ በሬ ጠማጅ ከኋላ ከኋላ መከተል ነበረበት።

ገበያው የደራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከጦር ሜዳ ከተመለሰው የገበሬ ልጅ ብዙው ወደ አባቱ እርሻ አልገባም፤ ከከተማ ዳር ባለ ጓሮ ቤት ገዛ። በ1946 በኢንዲያና፣ ሳውዝ ቤንድ፣ የፖንድ ቤተሰብ በኋላ ዊል ሆርስ የተባለውን ትራክተር በጋራዡ መሥራት ጀመረ። ትልልቆቹ ዘግይተው ደረሱ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር 7 የፈረስ ጉልበት ያለውን ከብ ካዴት ለ1961 ገበያ አቀረበ፤ ጆን ዲርም በ1963 «110» የተባለውን አስከተለ።

እኔን የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። በ1940 አሜሪካ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህል እርሻዎች ነበሩ፤ በ1969 ከ3 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ትልቁ ትራክተር አንዱ ነው፤ አንዱን ሰው የብዙ ሰው መሬት እንዲያርስ አስቻለው፣ የቀረውን አስነሳው። እንግዲህ ከመሬቱ ለተነሳው ገበሬ ልጅ ትንሹን ትራክተር የሸጡለት እነዚያው ፋብሪካዎች ናቸው። ንግድ ማለት ይኼ ነው! ልጁም ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ እንደ አባቱ ካምቢዮ እያስገባ ጓሮውን ይዞር ጀመር።

በ1969 ጆን ዲር የከተማ ዳር ሰው ጌጥ ይወዳል ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ አካላቸው ነጭ፣ የሞተር መክደኛቸውና መቀመጫቸው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የሆኑ ትራክተሮችን አወጣ። አልተወደዱም። ጥቂት የማይባሉት አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ። ገዢው የፈለገው የእርሻውን ቀለም ነበር፤ ጌጡንማ ሌላም ቦታ ያገኘዋል። ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢዎች ያንኑ አረንጓዴ እየፋቁ ከሥሩ ያለውን ሰማያዊ ይፈልጋሉ።

ሌላው የፍቅሩ ምንጭ ሞተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ሲሊንደር የኮህለር ሥራ ነው (የመታጠቢያ ገንዳ የሚሠራው ኮህለር ራሱ ነው)። ካንዴላው፣ ካርቡሬተሩ፣ ቺንጋው በዓይን ይታያል፤ በእጅ ይደረሳል፤ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም። ከፊቱ የበረዶ መግፊያ፣ ከሆዱ ሥር ማጨጃ፣ ከኋላው ማረሻ ይገጠምለታል።

ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከብ ካዴትን በ1981 ሸጠ። በ1985 የእርሻ መሣሪያ ክፍሉን ራሱን ሸጠና ከዚያ ሥራ ወጣ። ዊል ሆርስንም በ1986 ቶሮ ገዛው። ከመጀመሪያዎቹ ከብ ካዴቶች መካከል ግን ሞተራቸው እየተፈታ፣ እየታጠበ፣ ተመልሶ እየተገጠመ ዛሬም ሣር የሚያጭዱ አሉ።