በዓሉ ግርማ፦ ከዊንጌት እስከ ኦሮማይ

የዘንድሮውን የመገናኛ መጽሐፋችንን የሚያዘጋጁት ወዳጆቼ «ከዩኒቨርሲቲያችን ከወጡት ስለ አንዱ ጻፍ» ሲሉኝ ብዙ አላመነታሁም። በዓሉ ግርማን መረጥኩ። የመረጥኩት ግን ስለ አሟሟቱ ለመጻፍ አይደለም። እሱን ሁላችንም እናወራዋለን። ስለ ሙያው የምናወራው ጥቂት ነው፤ እኔም ማንሳት የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

በዓሉ የኢሉባቦር ልጅ ነው፤ የተወለደው ሱጴ ነው። አባቱ ከሕንድ የመጣ ነጋዴ፣ እናቱ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። «ግርማ» ያሳደገው ሰው ስም ነው። አዲስ አበባ መጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጀኔራል ዊንጌት ተማረ። እኔ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ዊንጌት ማለት የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ የሚጠራው ፌርማታ ነው። ስሙ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ጌዲዮን ጦርን የመራው እንግሊዛዊ መኮንን መሆኑን፣ በዚያ ግቢ ደግሞ የኦሮማይ ደራሲ መማሩን ስነግራቸው ይገረማሉ። በየቀኑ የሚያልፉበት ሰፈር ነዋ!

ከዊንጌት ወደ ስድስት ኪሎ መጣ። ፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ተማረ፤ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለውን የተማሪዎች ጋዜጣም አዘጋጀ። ቀጥሎ አሜሪካ ሄዶ ከሚሺገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኑ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ የጋዜጠኛ ነው፦ መነን መጽሔት፣ አዲስ ሪፖርተር፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ፣ አዲስ ዘመን። በመጨረሻም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ።

ልቦለዶቹን ሲጽፍም ጋዜጠኝነቱ አልለቀቀውም። በ1962 ዓ.ም. ባወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ሠዓሊ መሆን የሚመኘውን የቢሮ ሠራተኛ አበራን የሳለው አዲስ አበባን እንደሚያውቅ ሪፖርተር ነው። በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል» ወጣ፤ ይህንኑ ታሪክ በኋላ አስፍቶ «ሐዲስ» በሚል አሳተመው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ላይ ያለው ሲራክ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል የተቀረጸ መሆኑን አንባቢው ሁሉ ያውቃል። በዚያው ዓመት «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ም ታትሟል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በዓሉ ገጸ ባሕርያቱን የሚያነሳው ከአካባቢው፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ነው። ይህ ልማድ ስለ ወዳጅ ሲጻፍ ጨዋታ ነው፤ ስለ ሹም ሲጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን በኤርትራ ሲጀምር በዓሉ በሥራው ምክንያት አስመራ ነበር። ያየውን ይዞ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። ቃሉ አስመራ ውስጥ ከጣሊያንኛ ተወርሶ የሚነገር ነው፤ «አበቃ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» እንደማለት።

የወንጀልና የስለላ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ያኔ አዲስ አልነበረም። ማሞ ውድነህ የዓለምን የስለላ ታሪኮች ወደ አማርኛ እየመለሱ ብዙ አንባቢ አፍርተው ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ በነዚያ መጻሕፍት ሰላዩም ተሰላዩም ሩቅ አገር ነው። በዓሉ ግን ስለላውን የገዛ አገራችን ከተማ ውስጥ፣ ገና ትኩስ በሆነ ጦርነት መሐል አስገባው።

ታሪኩን የሚተርከው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው። ሮማን የምትባል እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ይወዳል። በሌላ በኩል የሻዕቢያ የኅቡዕ መረብና የመንግሥት የደኅንነት ሰዎች ይፈላለጋሉ። ፍቅሩና ስለላው እየተቆላለፉ ይሄዱና መጨረሻው ናቅፋ ተራራ ላይ፣ ድል ተብሎ የተለፈፈው ዘመቻ ሲከሽፍ ይደርሳል። አንባቢውን ሰቅዞ የሚይዘው «ቀጥሎ ማን ይያዝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ተራኪው ራሱ ለሕዝብ የሚያወራውንና በዓይኑ የሚያየውን ማስታረቅ ሲያቅተው እናያለን። ለኔ የመጽሐፉ ትልቁ ምስጢር እሱ ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው፣ መጽሐፉ የታተመው በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት በኩራዝ መሆኑ ነው። በድብቅ የተበተነ ወረቀት አልነበረም። ግን ሹማምንቱ ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ አገኙ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የተረፉት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ይዞሩ ጀመር። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተገኘች። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ክፍል ውስጥ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር የመጀመሪያው እጅ የሚወጣው «ቲቸር፣ ማን ገደለው?» ለማለት ነው። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለቤተሰቡም ለአገርም መልስ የሚገባው ነው። ብቻ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ደራሲውን ራሱን የወንጀል ታሪክ ገጸ ባሕርይ አድርገን ስናበቃ፣ የጻፈውን ማንበብ እንተዋለን። ያኔ ያጠፉት ሰዎች የፈለጉት በከፊል ተሳካላቸው ማለት ነው፤ የፈሩት ሰውየውን ሳይሆን መጽሐፉን ነበርና።

ደግነቱ መጽሐፉ አልሞተም። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ታትሞ በየአዟሪው እጅ ገባ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ቅጂ ለንደንና ኒውዮርክ ውስጥ ታተመ። ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የውጭ አንባቢ እንደ አንድ ጥሩ የስለላ ልቦለድ ተቀበለው፤ እኛ ደግሞ ልቦለድ መሆኑን ረስተን እንደ ማስረጃ ሰነድ ነው የያዝነው። ሁለቱም ነው፤ ሁለቱንም እንወቅለት።

ስለዚህ ለእናንተ ለስድስት ኪሎ ልጆች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥለው መገናኛችን እያንዳንዳችን አንዳንድ የበዓሉን መጽሐፍ ይዘን እንምጣ። የተሰበሰበውን በየሰፈራችን ላሉ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት እንስጥ፤ የኮልፌውን እኔ አደርሳለሁ። «ማን ገደለው?» የሚሉት ልጆች በመጀመሪያ ምን ብሎ እንደጻፈ ያንብቡት።