ደለል የማስቀረት ምጣኔ፦ ከላምበረት ዳገት እስከ ቆቃ

ሐምሌ ላይ ከየካ ተራራ ወደ ላምበረት የሚወርደው ጎርፍ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ አፈር ነው ቢባል የሚከራከር የሰፈር ሰው አይገኝም። ጎርፉ አስፋልቱን አቋርጦ፣ ቱቦውን ሞልቶ፣ በየወንዙ ዞሮ ዞሮ ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽን ደግሞ ቆቃ ግድብ ይጠብቀዋል። ታዲያ ከየካ ዳገት የተነሳው አፈር የት ይቀራል? አባ ሳሙኤል ላይ ነው ወይስ ቆቃ ይደርሳል?

መሐንዲሶች ይህን የሚለኩበት ቃል «ትራፕ ኢፊሸንሲ» ይባላል። በአማርኛ «ደለል የማስቀረት ምጣኔ» ቢባል ይስማማዋል። ወደ ግድብ ከገባው ደለል ውስጥ ከመቶ ስንቱ እዚያው ተኝቶ እንደቀረ የሚናገር ቁጥር ነው። መቶ ኩንታል ገብቶ አሥሩ ከውሃው ጋር ካለፈ ምጣኔው 90 በመቶ ሆነ ማለት ነው።

ቁጥሩን የሚወስነው በዋናነት የግድቡ ስፋት በራሱ ሳይሆን ከሚገባለት ውሃ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። አሜሪካዊው ጉናር ብሩን እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የግራፍ መስመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ግድቡ የሚይዘው በዓመት ከሚገባለት ውሃ አንድ መቶኛውን ብቻ ከሆነ ከደለሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያልፋል። አንድ አሥረኛውን የሚይዝ ከሆነ 85 በመቶ ያህሉ ይቀራል። ከግማሽ ዓመት ውሃ በላይ የሚይዝ ግድብ ግን ከ95 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ውሃው ቆሞ ስለሚሰነብት አፈሩ ለመስጠም ጊዜ ያገኛል። የሐይቁ ቅርጽና የማስወጫ በሩ ከፍታም ድርሻ አላቸው። አጭር ሐይቅ ውስጥ ጎርፉ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሊሮጥ ይችላል፤ ከታች የሚከፈት በር ያለው ግድብም ጭቃውን በጎርፍ ሰዓት ሊያስወጣ ይችላል።

ከላምበረት መናኸሪያ በደሴ መስመር የወጣ መንገደኛ ኮተቤንና ለገጣፎን አልፎ ሰንዳፋ ከመድረሱ በፊት የለገዳዲን አካባቢ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው ለገዳዲ ግድብ 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንዲይዝ ተሠርቶ፣ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ተፋሰስ ውሃ ይሰበስባል። ለተፋሰሱ ትልቅ ስለሆነ ምጣኔው በብሩን መስመር ላይ ከፍተኛው ጫፍ አካባቢ ይወድቃል። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ ያን ሁሉ የሚያስቀር ሐይቅ ውሃው ድፍርስ በመሆን ይታወቃል። ምክንያቱ የአካባቢው ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ መረሬው ነው። የመረሬ ሸክላ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ለወራት ተንሳፋ ትቆያለች፤ አሸዋውና ደለሉ ሐይቁ መግቢያ ላይ ሲተኙ እሷ እስከ ማጣሪያው ትዘልቃለች። ማጣሪያ ጣቢያው አሉም የተባለውን ኬሚካል ጨምሮ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ካላጣበቃቸው አይሰጥሙም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጨመረው የድሬ ግድብ ውሃም የሚጣራው እዚያው ለገዳዲ ነው። እንግዲህ ከፍተኛ ምጣኔ ባለው ግድብም አፈሩ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ከባዱ ደለል የግድቡን ሆድ ይሞላል፣ ደቃቁ ደግሞ የኬሚካሉን ወጪ ያንራል።

ምጣኔው ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ከገባው ስንቱ እንደቀረ ይናገራል እንጂ ስንት እንደገባ አይነግረንም። እሱን የሚወስነው ተፋሰሱ ነው፤ ስፋቱ፣ ተዳፋቱ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ሽፋኑና ቦረቦሩ። ለምሳሌ ያህል 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ከእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 1,000 ቶን ቢልክ 200,000 ቶን ይመጣል። አንድ ቶን ደለል አንድ ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል ብንል በ50 ዓመት 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ስሌት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ሆኖም 40 ሚሊዮን ከሚይዝ ግድብ ሩብ ያህሉን ያሳጣል። ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው በጀልባ ላይ ሆኖ የሐይቁን ጥልቀት በድምፅ ሞገድ በመለካትና ግድቡ ሲሠራ ከተነሳው ካርታ ጋር በማነጻጸር ነው።

ሽፋን ሲባል ዛፍ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እንጦጦን ያየ ሰው ግን ይጠራጠራል። ባሕር ዛፉ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን በብዙ ቦታ ራቁቱን ነው። የወደቀውን ቅጠል እንጨት ለቃሚ ሴቶች ለማገዶ ጠርገው በጀርባቸው ያወርዱታል፤ ሌላ መተዳደሪያ ያጣ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው፣ የሚወቀስበት አይደለም። የዝናብ ጠብታን ጉልበት የሚያበርደው ግን ከላይ ያለው ቅርንጫፍ ሳይሆን መሬት ላይ የተኛው ቅጠልና ሣር ነው። ወደ ሰንዳፋ ሜዳ ሲወጡ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰ ማሳ የሐምሌን ዝናብ ያለ ልብስ ይቀበላል። ቡቃያው ነሐሴ ላይ ሲሸፍነው የጎርፉ ቀለምም ይቀልላል።

ተመራማሪው ሉልሰገድ ታመነና ባልደረቦቹ በትግራይ 11 ግድቦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ ደለልን የሚያበዙትን ለይተዋል፦ የገጽታው ተዳፋትነት፣ በቀላሉ የሚሸረሸር አፈር፣ የሳሳ ሽፋንና ቦረቦር። ከአራቱ ሁለቱ የተፈጥሮ ናቸው፤ ተራራን ማስተኛት አይቻልም። ሁለቱ ግን በሰው እጅ ናቸው።

ተፋሰሱ ችላ ሲባል የሚሆነውን አባ ሳሙኤል ያሳየናል። በአገሪቱ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው የሐይቁ የውሃ ኃይል ማመንጫ ለረጅም ዓመታት ሥራ ፈቶ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሷል፤ ሐይቁ ግን ዛሬም ከላይኛው ከተማ የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ይቀበላል። ቆቃ የሚደርሰው እሱ ያላስቀረው ነው።

ስለዚህ የአዲስ አበባ የውሃ በጀት ሲያዝ ከሰንዳፋ በላይ በለገዳዲ ተፋሰስ ያለው ቦረቦርና የማሳ ድንበር ከማጣሪያው እኩል ሊቆጠር ይገባል። ከግድብ ሆድ ደለል ማውጣት እጅግ ውድ ነው፤ ቦረቦርን በድንጋይ ክትርና በሣር መግታት ግን ገበሬው ራሱ የሚያውቀው ሥራ ነው።