ደንበኛና ደጋፊ

በባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል ሰው በቀን ውስጥ አብዝቶ ከሚጠራቸው ቃላት አንዱ «ደንበኛ» ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ተራዎን ይጠብቁ»፤ «ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ»። ቃሉ «ደንብ» ከሚለው ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል፤ በደንብ የሚመጣ፣ በደንብ የሚከፍል፣ በደንብም የሚስተናገድ ሰው ነው። ሰልፉ ሲረዝምበት ወይም ወለዱ ሲያንስበት ደብተሩን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ባንክ ቢሻገር ከሃዲ የሚለው የለም። «ደጋፊ» ግን ከሌላ ቤት የመጣ ቃል ነው። መደገፍ ያዘመመን ግድግዳ በትከሻ ይዞ መቆም ነው፤ ደጋፊ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ነገሩ ሲያዘምም እንጂ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይደለም። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው ስሙ ሌላ ነው፤ ጥሩ ስምም አይደለም።

ከመቶ ዓመት በላይ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸውን ደጋፊ ለማድረግ፣ የስፖርት ክለቦች ደግሞ ደጋፊዎቻቸውን ደንበኛ ለማድረግ ሲደክሙ ኖረዋል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ የሆነውን ነው እንግዲህ እዚህ መተረክ የፈለግሁት።

ታሪኩ ከጋዜጣ ይጀምራል። ባርሴሎና የተባለውን ክለብ የወለደው ማስታወቂያ ነው። ሃንስ ጋምፐር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1899 በአንድ የስፖርት መጽሔት ላይ ኳስ መጫወት የሚሹ ሰዎችን የሚጠራ አጭር ማስታወቂያ አወጣ፤ በቀጣዩ ወር ክለቡ ተመሠረተ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሎቶ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ከተቀናቃኙ ጋር የገጠመውን የገበያ ትግል ለማሸነፍ አገር የሚያዞር የብስክሌት ውድድር ፈጠረ። ቱር ደ ፍራንስ ጋዜጣ ለመሸጥ የተፈለሰፈ ዘዴ ነበር ማለት ነው። ብልሃቱም ሠራ፤ የሎቶ ሽያጭ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ ተቀናቃኙ ጋዜጣ ተዘጋ። ሎቶ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለነበር ከ1919 ጀምሮ መሪው ብስክሌተኛ ቢጫ መለያ እንዲለብስ ተደረገ። ጋዜጣው ዛሬ የለም። ቢጫው መለያ ግን አለ፤ የሚለብሰውም ሰው የአንድ የሞተ ጋዜጣ ማስታወቂያ መልበሱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ነገሩ ወደ እግር ኳስ መለያ የተሻገረበት መንገድ ግን እንዲህ የዋህ አልነበረም። ጀርመን ውስጥ አይንትራኽት ብራውንሽቫይግ የተባለ ክለብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ያገርማይስተር የተባለውን አረቄ የሚጠምቀው ኩባንያ ኃላፊ ጉንተር ማስት ረዳት ሆኖ ብቅ አለ፤ በምላሹ የፈለገው የአረቄው ምልክት የሆነው የአጋዘን ራስ በተጫዋቾቹ ደረት ላይ እንዲታይ ነው። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ማስታወቂያ ያለበት መለያ ስለማይፈቅድ ክለቡ መላ ዘየደ። መለያው ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ባይቻልም ዓርማ መለጠፍ ይቻላልና፣ የክለቡ አባላት ተሰብስበው አንበሳ የነበረውን ዓርማቸውን በአጋዘን እንዲተካ ድምፅ ሰጡ። መጋቢት 24 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ቡድኑ አጋዘኑን በደረቱ ይዞ ሜዳ ገባ። ወራት ሳይቆይ ፌዴሬሽኑ እጁን ሰጠ፤ የዛሬው መለያ ሁሉ፣ የአየር መንገዱም የቁማሩም ስም የሚነበብበት፣ የዚያ አጋዘን ልጅ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንበሳውን ለአጋዘን የሸጡት ራሳቸው አባላቱ ናቸው፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ያዘመመውን ግድግዳ የደገፉት እንደዚያ መስሏቸው ይሆናል። አንበሳው ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ጋዜጣውም፣ መለያውም፣ ቴሌቪዥኑም አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ አፍ እንጂ ጆሮ አልነበራቸውም። ፌስቡክ በ2004፣ ትዊተር በ2006 እ.ኤ.አ. ሲከፈቱ ክለቦችና ኩባንያዎች ያዩት የበለጠ ትልቅ አፍ ነበር። ጋዜጠኛ መሃል ሳይገባ በቀጥታ መናገር ተቻለ። የተከታዮችን ቁጥር ለማስታወቂያ አስነጋሪው እንደ መያዣ ንብረት ማቅረብ ተለመደ። አዲስ ተጫዋች መፈረሙ በአጭር መግለጫ መነገሩ ቀርቶ በየጊዜው የሚሠራ ትንሽ ፊልም ሆነ፤ አንዱ ከአንዱ ይበልጥ ለማስቀት ይሽቀዳደም ጀመር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በልቤ የቀረው የሮማ ክለብ በ2019 እ.ኤ.አ. ክረምት ያደረገው ነው። ክለቡ ተጫዋች ባስፈረመ ቁጥር በሚያወጣው ቪዲዮ ላይ ከተጫዋቹ ጎን የጠፉ ልጆችን ፎቶግራፍ ያሳይ ጀመር። ተጫዋቹን ለማየት የመጣው ሁሉ ልጆቹን አየ። ክለቡ በኋላ እንዳስታወቀው ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ተገኙ፤ መጀመሪያ ከተገኙት አንዷ ኬንያ ውስጥ የጠፋች ልጅ ነበረች። በቪዲዮው ምክንያት ተገኘች ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም በዚያ ሁሉ የሽያጭ ጩኸት መካከል አንድ ክለብ የተሰበሰበለትን ዓይን ለሌላ ሰው ማዋሰን አሰበ።

አፉ ጆሮም እንደነበረ ክለቦች የተረዱት ቀስ እያሉ ነው። በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. ሊድስ ዩናይትድ ለመቶኛ ዓመቱ ያዘጋጀውን አዲስ ዓርማ ይፋ አደረገ፤ እጁን ጨብጦ ደረቱ ላይ ያሳረፈ ሰው ነበር። ክለቡ አሥር ሺህ ሰው አማክሬያለሁ አለ። ቀኑ ሳይመሽ ግን ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አኖሩ፤ ቀሪውም ዓርማውን በቃር መድኃኒት ማስታወቂያ እየመሰለ ሳቀበት። ዓርማው አንድም ጊዜ መለያ ላይ ሳይሰፋ ቀረ። ብራውንሽቫይጎች ዓርማቸውን ለመለወጥ አዳራሽ ገብተው ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ሊድሶች ላለመለወጥ ከቤታቸው መውጣት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. እሑድ ሌሊት ነው፤ በአውሮፓውያን ኤፕሪል 18 ቀን 2021። በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ 12 ታላላቅ ክለቦች፣ ስድስት ከእንግሊዝ፣ ሦስት ከጣሊያን፣ ሦስት ከስፔን፣ «ሱፐር ሊግ» የተባለ የራሳቸውን ውድድር መመሥረታቸውን በየድረ ገጾቻቸው አወጁ። ሃያ ቡድኖች ሊሳተፉ፣ 15ቱ ግን ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የማይወርዱ ቋሚዎች ሊሆኑ ታቅዶ ነበር። ለመሥራቾቹ 3.5 ቢሊዮን ዩሮ ተዘጋጅቷል ተባለ፤ ከብድሩ ጀርባ ጄፒ ሞርጋን ነበረ። ከአዋጁ አስቀድሞ ደጋፊ አልተጠየቀም፤ አሠልጣኞቹና ተጫዋቾቹም ቢሆኑ እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ሰሙ። ባየርን ሙኒክና ዶርትሙንድ አንገባም አሉ። በጀርመን ደንብ የክለቡ አብላጫ ድምፅ በአባላት እጅ ስለሆነ ነው የሚል አለ፤ ግን በአባላት የሚተዳደሩት ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ ገብተውበት ነበርና ምክንያቱ እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይመስለኝም።

እኔን ያቆሰለኝ ሌላ ነገር ነው። በጊዜው ቢቢሲ እንደዘገበው ከእቅዱ ሰዎች አንዳንዶቹ በየከተማው ስታዲየም የሚገባውን ሕዝብ «የውርስ ደጋፊ» ይሉት ነበር፤ እነሱ የሚፈልጉት «የነገን ደጋፊ» ነበር። የነገ ደጋፊ ማነው? ከሩቅ አገር ሆኖ በስክሪን የሚያይ፣ ታላላቅ ስሞች በየሳምንቱ ሲጋጠሙ ማየት የሚሻ፣ ቡድኑ የበቀለበትን ሰፈር የማያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ማንቸስተር ዩናይትድን ስደግፍ ያደግሁ፣ ማንቸስተርን በእግሬ ያልረገጥሁ። የማንቸስተሩን ሽማግሌ ደጋፊ ከገዛ ቤቱ ሊያፈናቅሉት የተነሡት በእኔ ስም ነበር። ማንም ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ሽንፈት የማያወርደው ቡድን ለመደገፍ ምን ትከሻ ያስፈልጋል እላቸው ነበር።

መልሱን የሰጡት ሌሎች ናቸው። ሰኞ ማታ ሊድስ ከሊቨርፑል ሲጋጠም የሊድስ ተጫዋቾች ሲያሟሙቁ የለበሱት ቲሸርት ጀርባ ኳስ የደጋፊዎች ናት ይል ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት በዓርማው የተቀጣው ያው ክለብ ነው። ማክሰኞ ማታ በለንደን የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ዘጉ። የቀድሞው በረኛ ፒተር ቼክ፣ ያን ጊዜ የክለቡ ሹም የነበረው፣ መንገድ ላይ ወጥቶ ጊዜ ስጡን እያለ ሲለምን የተቀረጸው ቪዲዮ በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ማንቸስተር ሲቲ መውጣቱን አስታወቀ፤ ሌሊቱ ሳያልቅ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች እየወጡ ነበር። የሊቨርፑል ባለቤት ጆን ሄንሪ ካሜራ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ጄፒ ሞርጋንም የእግር ኳሱ ሕዝብ ነገሩን እንዴት እንደሚያየው ሳንመዝን ቀርተናል አለ። ከባንክ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ዘወትር እንደማይወጣ ከባንክ ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዩናይትድ ደጋፊዎች ግን በይቅርታው አልረኩም። በቀጣዩ ወር መባቻ ቡድኑ ከሊቨርፑል ሊጋጠም ሲል፣ ክለቡ በ1878 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ይለብሰው የነበረውን የአረንጓዴና ወርቃማ ቀለም ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ይልቀቅ እያሉ ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ውስጥ ገቡ። ዕለቱ ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር፤ የእኛ ፋሲካ። ጨዋታው ከምሽቱ 12:30 ሊጀመር ስለነበር የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ከዶሮ ወጡ በተነሡ ሰዎች ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ ተጫዋች አይታይም፤ ሣሩ ላይ የሚሮጥ ሕዝብ ነበር። ተራዘመ ተባለ፣ ቆየና ጭራሹን ቀረ ተባለ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዞር ብለው «ሁለት ወር ጾመን ዛሬ ብንፈታ፣ እነሱ ደግሞ ኳሱን አስጾሙን» አሉ። ሁሉም ሳቀ። የከፈለውን የመግቢያ ብር መልሱልኝ ያለ ግን አልነበረም። አዛውንቱም ከሳቁ በኋላ ስክሪኑን አተኩረው ሲያዩ ቆዩና «ደግ አደረጉ» አሉ።

የቀረው ጨዋታ ግንቦት 5 ቀን ተደረገ፤ ደግሞ ኢድ አልፈጥር ላይ ዋለ። የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ሙስሊም ነው፤ ከበዓሉ ቤት ተነሥቶ መጥቶ በሩን ከፈተልን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ እንደገና መግቢያ ከፍለን ገባን፤ ሊቨርፑል 4 ለ 2 አሸነፈን።