ሳፔሎ፦ የማዕበል መከታ፣ የትውልድ ርስት

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከዋናው የብስ ጥቂት ራቅ ብለው በሰልፍ የቆሙ ረዣዥምና ዝቅተኛ የአሸዋ ደሴቶች ይገኛሉ። የአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚሰድደውን ሞገድና ዐውሎ በቅድሚያ በደረታቸው የሚቀበሉት እነርሱ በመሆናቸው መከታ ደሴቶች ቢባሉ ስያሜው አይበዛባቸውም። ከጀርባቸው ባሕሩ ይረጋጋል፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ሣር ይበቅላል፤ ዓሣ ይራባል። ከእነዚህ ደሴቶች አንዱ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በማኪንቶሽ አውራጃ የሚገኘው ሳፔሎ ነው። ርዝመቱ ወደ 16 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም ወደ 6,700 ሄክታር ይጠጋል። ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ኖሮት አያውቅም።

ይህ ትንሽ ደሴት ሁለት ትልልቅ ታሪኮችን ይዟል። አንደኛው የጨው ረግረግ ለባሕርና ለሰው ያለው ጥቅም በሳይንስ የተረጋገጠበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው በባርነት የመጡ አፍሪቃውያን ተወላጆች በገዛ ገንዘባቸው ያገኙትን መሬት ላለመልቀቅ ያደረጉትና ዛሬም የሚያደርጉት ትግል ነው። ረግረጉን የሚጠብቀው ሕግ ከወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የሰዎቹ ጉዳይ ግን ገና በክርክር ላይ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳፔሎ ሁለት ዕድሜ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምዕራባዊውና ሰፊው ክፍል የተሠራው በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የባሕሩ ወለል ለዛሬው ከፍታ በተቃረበበት ዘመን ነው። በኋላ የበረዶው ዘመን ሲበረታ ውቅያኖሱ ወደ ምሥራቅ እጅግ ስለሸሸ፣ ደሴቱ በየብስ መካከል የቆመ የአሸዋ ጉብታ ሆኖ ቀረ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲመለስ ግን እንደገና በውኃ ተከበበ፤ በምሥራቅ ጎኑም አዲስ የአሸዋ ክምር ተደረበለት። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አሮጌው ክፍል በትልልቅ የኦክ ዛፎች ተሸፍኗል፤ ከቅርንጫፎቻቸውም እንደ ሽበት ጢም የሚንጠለጠል ግራጫ ተክል ይወርዳል። አዲሱ ክፍል ግን ነፋስና ሞገድ ዛሬም የሚያነሡትና የሚጥሉት አሸዋ ነው፤ በበጋ ሌሊቶች የባሕር ዔሊዎች ወጥተው እንቁላላቸውን የሚቀብሩትም በዚህ ዳር ነው።

የጆርጂያ ጠረፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ በመሆኑ የባሕሩ ሙላት ከአጎራባች ጠረፎች ሁሉ ይበልጣል። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍ ይልና ተመልሶ ይጎድላል። በደሴቱና በየብሱ መካከል ያለው ሜዳም በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ባሕር፣ ሁለት ጊዜ ምድር ይሆናል። በዚህ ሜዳ ላይ ጨው የሚችል አንድ ዓይነት ረጅም ሣር እስከ አድማስ ድረስ ተንጣሎ ይታያል፤ በመከር ወራት ወርቃማ ሲሆን ከሩቅ ለተመለከተው የደረሰ የጤፍ ማሳ ይመስላል።

ሰው በዚህ ስፍራ መኖር የጀመረው ከ4,000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ነው። የጥንት ነዋሪዎች የበሉትን የባሕር እንስሳ ዛጎል በክብ እየከመሩ ያቆሙት ግንብ መሰል ቀለበት እስከ ዛሬ አልጠፋም። በኋላ የጉዋሌ ሕዝቦች ሠፈሩበት። ስፔናውያን በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጥተው ሚስዮኖቻቸውን በጠረፉ ሲተክሉ ጉዋሌዎች በ1597 ዓመፅ አነሡ፤ ዓመፁ ተደመሰሰ፤ ሚስዮኖቹም በ1680ዎቹ ተነቀሉ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ስሙ ብቻ ነው፦ ስፔናውያን ዛፓላ ያሉትን እንግሊዞች ሳፔሎ አሉት።

የደሴቱን መልክ የለወጠው የባርያ አሳዳሪው ሥርዓት ነው። ቶማስ ስፖልዲንግ የተባለ የመሬት ከበርቴ በ1802 የደቡቡን ክፍል ገዝቶ ጥጥና ሸንኮራ አገዳ አስተከለ። ጥጡ ክሩ ረጅምና ለስላሳ ስለነበረ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከፍተኛ ዋጋ ያወጣ ነበር። ስፖልዲንግ ዛጎል አቃጥሎ ኖራ በማውጣት፣ ኖራውንም ከአሸዋና ከዛጎል ስብርባሪ ጋር አስቡክቶ «ታቢ» በሚባለው ዘዴ ቤትና ወፍጮ አሠርቷል። በግብርና ጽሑፎቹ ስሙ ቢጠራም የቦካውንና የተገነባውን ሁሉ በእጃቸው የሠሩት በመቶ የሚቆጠሩ ባሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ግድግዳዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ፤ ዛጎሉን ቀረብ ብሎ መቁጠር ይቻላል።

ከእነዚህ ባሪያዎች መካከል አንዱ የሳፔሎን ታሪክ በብዕሩ የጻፈ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ቢላሊ መሐመድ የተወለደው በምዕራብ አፍሪቃ፣ በዛሬዋ ጊኒ በፉታ ጃሎን በምትገኘው ቲምቦ ሲሆን፣ በባሃማስ ደሴቶች በኩል ተሽጦ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለስፖልዲንግ ደረሰ። የተማረ ሙስሊም ነበረ። የእርሻው ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። በ1812 በእንግሊዝና በአሜሪካ መካከል በተጀመረው ጦርነት ጊዜ 80 ጠመንጃ ተሰጥቶት ደሴቱን እንዲጠብቅ ተደርጎ እንደነበርም ይነገራል። ከመሞቱ በፊት በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ 13 ገጽ ያለው ጥራዝ ትቶ አለፈ።

ይህ ጥራዝ ለብዙ ዘመን ማንበብ የሚችል ጠፍቶ «የቢላሊ ማስታወሻ» እየተባለ ሲጠራ ቆየ። የእርሻው የዕለት መዝገብ ነው ብለው የገመቱ ነበሩ፤ ባርያ ከሥራው ሌላ የሚጽፈው ነገር ሊኖረው ይችላል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበርና። በ1940 የቋንቋ ሊቁ ጆሴፍ ግሪንበርግ መርምሮ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ በ10ኛው ምዕተ ዓመት የሰሜን አፍሪቃው ሊቅ ኢብን አቢ ዘይድ አል ቀይረዋኒ ከደረሰው የማሊኪ ሕግ መጽሐፍ የተወሰደ ሆኖ፣ ስለ ትጥበትና ስለ ጸሎት ሥርዓት ይናገራል። ቢላሊ በልጅነቱ የተማረውን ከትዝታው እያወጣ ጽፎታል ማለት ነው። ጥራዙ በአሁኑ ጊዜ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል።

ከሴቶች ልጆቹ መዲናና ፋጢማ የተባሉ ነበሩ። በ1930ዎቹ የደሴቱ ሽማግሌዎች ለመዝጋቢዎች በሰጡት ቃል፣ ሴት አያቶቻቸው በተወሰነ ቀን ጣፋጭ ጋግረው ለልጆች ያድሉ እንደነበረና ይህንንም «ሰረካ» ይሉት እንደነበረ ገልጸዋል። ቃሉ ከዐረብኛው ሰደቃ የመጣ መሆኑን ለወሎ ወይም ለሐረር ሰው ማስረዳት አያሻም። በዚያው ዘመን ጥቁሩ የቋንቋ ምሁር ሎሬንዞ ተርነር በጠረፉ ደሴቶች እየተዘዋወረ የጉላ ጊቺ ሕዝብን ንግግር ቀረጸ። የተበላሸ እንግሊዝኛ እየተባለ ሲናቅ የነበረው ንግግር በሺህ የሚቆጠሩ አፍሪቃውያን ቃላትና ስሞች የያዘ መሆኑን በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ አረጋገጠ። የእጅ ሥራውም እንዲሁ ነው። የሳፔሎ ሰዎች ቅርጫት የሚሰፉት ሣሩን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ፣ ዙሩን በዙር ላይ እየደረቡ፣ በዘንባባ ቅጠል እየወጉ ነው፤ ሞሶብ ስትሰፋ ያየ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ በጥር 1865፣ ጄኔራል ሸርማን ባወጣው ትእዛዝ የጠረፉ ደሴቶች ነጻ ለወጡት ባሪያዎች እንዲከፋፈሉና አንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም እስከ 16 ሄክታር እንዲያገኝ ተወሰነ። ሳፔሎም በዚሁ ትእዛዝ ውስጥ ነበረ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ውሳኔውን ሽሮ መሬቱ ለቀድሞ ጌቶች እንዲመለስ አደረገ። መሬት ለአራሹ የተባለበትን ዘመን ያየ አንባቢ የዚህን ትርጉም ለመገመት አይቸገርም። የሳፔሎ ሰዎች ተስፋ አልቆረጡም፤ በ1871 ዊልያም ሂለሪ፣ ጆን ግሮቭነርና ቢላሊ ቤል የተባሉ ሦስት ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ራኩን ብላፍ የተባለውን 1,000 ኤከር መሬት በ2,000 ዶላር ገዙ፤ ለወገኖቻቸውም እየከፋፈሉ ሸጡ። በስጦታ የተነፈጉትን በገንዘብ አገኙት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ጓሮና ጀልባ ያላቸው በርካታ መንደሮች በደሴቱ ላይ ተስፋፉ።

በ1912 የሃድሰን አውቶሞቢል ኩባንያ ባለሀብት የሆነው ሃዋርድ ኮፊን የደሴቱን አብዛኛ ክፍል ገዛ። በ1934 ደግሞ የትምባሆው ከበርቴ ወራሽ አር. ጄ. ሬይኖልድስ ከኮፊን ላይ ወሰደው። እዚህ ላይ የደሴቱ ሁለት ታሪኮች በአንድ ሰው እጅ ይገናኛሉ። ሬይኖልድስ በ1953 ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ጥናት ጣቢያ የሚሆን ሕንፃና ቦታ ሰጠ። በእነዚያው ዓመታት በየመንደሩ ተበትነው የሚኖሩትን ጥቁሮች መሬት ለመሬት እየለወጠ ሆግ ሃሞክ በምትባል አንዲት መንደር ሰበሰባቸው። የደሴቱ ብቸኛ ቀጣሪና የጀልባው ባለቤት እርሱ ስለነበረ፣ እምቢ ያለ እንጀራውን ያጣ ነበር። በልጅነቷ ከነቤተሰቧ የተነሣችው ደራሲዋ ኮርኔሊያ ዎከር ቤይሊ በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን በምሬት ተርካዋለች። የራኩን ብላፍ ሰዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ ተነሥተው አለቁ፤ ማኅበሩ የገዛው መሬት ወደ ዱርነት ተመለሰ። ለሕዝቡ የቀረው ወደ 175 ሄክታር ብቻ ነው።

በጥናት ጣቢያው የተሠራው ሥራ ትልቅ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ረግረግ ማለት ትንኝ የሚፈላበት፣ ቢደፈንና ቢታረስ የሚሻል ከንቱ ቦታ ነበረ። ዩጂን ኦዱምና ባልደረቦቹ፣ በተለይም ጆን ቲል በ1962 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሣሩ የሚይዘውን የፀሐይ ኃይል ወዴት እንደሚሄድ እየለኩ ተከታተሉት። በሕይወት ሳለ የሚበላው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ይደርቃል፣ ይወድቃል፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ያበሰብሱታል፤ ብስባሹንም ሸርጣኑ፣ ቀንድ አውጣውና ሽሪምፑ ይመገቡታል። ቲል ከምርቱ 45 ከመቶ የሚሆነውን የሙላት ውኃ ጠርጎ ወደ ባሕሩ ይወስደዋል ብሎ ገመተ። ቁጥሩ ለሁሉም ረግረግ እንደማይሠራ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ረግረጉ የዓሣ ማሳደጊያና የጠረፍ አጥር መሆኑ ግን ጸንቷል። በ1968 አንድ የማዕድን ኩባንያ ከጆርጂያ ረግረግ ሥር ፎስፌት ልቆፍር ባለ ጊዜ ክርክሩ በዚህ ዕውቀት ታግዞ ተካሄደ፤ በ1970ም የጠረፍ ረግረግ ጥበቃ ሕግ ወጣ። ክፍለ ግዛቱ በ1969 የደሴቱን ሰሜን፣ በ1976 ደግሞ አብዛኛውን ደቡብ ገዝቶ ለጥበቃና ለምርምር አዋለው።

ለሣሩና ለዔሊው የተደረገው ጥበቃ ለሆግ ሃሞክ አልደረሳትም። የደሴቱ ትምህርት ቤት በ1978 ተዘግቶ ልጆች በየቀኑ በጀልባ የሚመላለሱ ሆኑ፤ ወጣቶቹም ሥራ ፍለጋ ወደ የብሱ ተሻገሩ። መሬቱ ከአያት ወደ ልጅ ያለ ኑዛዜ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ የብዙ ወራሾች የጋራ ንብረት ነው። ይህ ዓይነቱ ይዞታ ርስት ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ቢሆንም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደካማ ነው፤ ከወራሾቹ አንዱ ድርሻውን ከሸጠ ገዢው ሁሉም እንዲሸጥ ሊከስስ ይችላል። በዚህ ላይ የመዝናኛ ቤት የሚሹ ሀብታሞች ሲመጡ የመሬቱ ግምት ናረ። በ2012 የቤይሊ የአንድ ኤከር ቦታ ግብር ከ600 ወደ 2,300 ዶላር ገደማ ወጣ። እርስዋና ቤተሰብዋ ለግብሩ መክፈያ የዘየዱት የጊቺውን ቀይ አተርና ስፖልዲንግ በባሪያ ጉልበት ያስተክለው የነበረውን ሸንኮራ አገዳ እንደገና ማልማት ነበር። ቤይሊ በ2017 ዐረፈች፤ አገዳው ተተከለ።

በመስከረም 2023 የአውራጃው ምክር ቤት በሆግ ሃሞክ የሚሠራ ቤት ስፋት ከ1,400 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ የሚያግደውን ደንብ ለውጦ እስከ 3,000 ፈቀደ። ነዋሪዎቹ ለውጡ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ አውራጃውም በፍርድ ቤት አሳገደው። ክርክሩ ገና ሳያልቅ፣ በጥቅምት 2024 የባህል ቀን ሲከበር፣ ሕዝቡ ከደሴቱ ለመመለስ ጀልባ የሚጠብቅበት የወደብ መሸጋገሪያ ተደርምሶ 7 ሰዎች ሞቱ። በ2025 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነዋሪዎቹ የጠየቁት ድምፅ እንዲሰጥ መንገዱን ከፈተ።

በዚህ መካከል ባሕሩ ሥራውን አላቋረጠም። ከሳፔሎ በስተሰሜን በፎርት ፑላስኪ ከ1935 ጀምሮ የሚመዘገበው የውኃ ከፍታ በዓመት በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየጨመረ መጥቷል። በ2017 ኢርማ የተባለው ዐውሎ የሙላቱን ውኃ እስከ ሆግ ሃሞክ ቤቶች ድረስ አደረሰው። ጨዋማው ውኃ ወደ መንደሪቱ የሚገባው ዝናብ እንዲያፈሱ በተቆፈሩት ቦዮች በኩል ነው፤ ከቦዮቹም አንዳንዶቹ በባርነት ዘመን የተቆፈሩ ናቸው።