የእስር ቤት ጽሑፍ እንደ ታሪክ ማስረጃ

በአምበርና በደብረ ማርቆስ አካባቢ ስለ እስረኞች ጽሑፍ የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ የሚያስታውሳቸው የጎጃሙን ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ኢጣሊያ የተጋዙት እኒህ ደራሲ የዘመኑን ታሪክ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው የጻፉት ነፃ ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አቶ ነቢይ መኮንን ግን የሠሩት እዚያው በእስር ላይ ሳሉ ነው። በደርግ ዘመን (1967–1983 ዓ.ም.) በማዕከላዊ ታስረው የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሱ። የጻፉትም በ3,000 ያህል የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ነበር፤ የተረጎሙትንም ለእስረኞች ያነቡላቸው ነበር። ጽሑፉ በስውር ወጥቶ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

ልብ ወለዱ ስለ አሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት እንጂ ስለ ደርግ አይናገርም። ተቃውሞው ያለው በቃሉ ሳይሆን በሥራው ነው፤ ይኸውም ዝም እንዲል የተፈለገ ሰው መጻፉን አለመተዉ ነው።

እንግዲህ ትዝታ ያለፈውን ዘመን መለስ ብሎ ይመረምራል፤ የእስር ቤት ጽሑፍ ግን ራሱ የዘመኑ ቅርስ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ምን ተጻፈ?» ከማለት አልፎ «በምን ላይ፣ ለማንስ ተጻፈ?» ብሎ እንዲጠይቅ ሥርዓተ ትምህርቱ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። አለዚያ መጽሐፉ ሲነበብ የፓኮው ወረቀት ታሪክ ይረሳል።